«ባቢሎን 5» ላይ ሰዎቹ ለምን አይንሳፈፉም?

የሌሊት ተመልካች፦

ሰላም ለሁላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ ቴሌቪዥን የቀረበውን «ባቢሎን 5፦ ዘ ጋዘሪንግ» የተሰኘውን ፊልም ሰሞኑን ተመለከትኩት። ታሪኩ የሚፈጸመው እ.ኤ.አ. በ2257፣ የሰው ልጆችና የሌሎች ዓለማት ፍጡራን ጠባቸውን በድርድር እንዲፈቱ በተሠራ ግዙፍ የጠፈር ጣቢያ ውስጥ ነው። ኮሽ የተባለው የቮርሎኖች አምባሳደር ገና ከመድረሱ ይመረዛል፤ ጥርጣሬውም በጣቢያው አዛዥ በጄፍሪ ሲንክለር ላይ ያርፋል። ታሪኩን ወድጄዋለሁ፤ ያልገባኝ ሌላ ነገር ነው። በዜና የምናያቸው ጠፈርተኞች ፀጉራቸው ቆሞ፣ ማንኪያቸው አየር ላይ ቀርቶ ይንሳፈፋሉ። እነዚህ ግን በቁማር ቤት ወንበር ላይ ተደላድለው ይቀመጣሉ፣ መጠጥ ይቀዳሉ፣ በኮሪደር ይሯሯጣሉ። ይህ የፊልም ሠሪዎቹ ግድየለሽነት ነው ወይስ ሳይንሳዊ መሠረት አለው? መሠረት ካለውስ እስከ ምን ድረስ ያስኬዳል?

ምሕዋር፦

ጤና ይስጥልኝ። በቅድሚያ ጠፈርተኞች የሚንሳፈፉት በአካባቢያቸው ስበት ስለሌለ አይደለም። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የሚዞረው ከምድር 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ሲሆን፣ በዚያ ከፍታ የምድር ስበት እዚህ ካለው 89 በመቶ ያህሉን እንደያዘ ነው። ነገር ግን ጣቢያውም ሆነ በውስጡ ያሉት ሰዎች በሰዓት ወደ 28,000 ኪሎ ሜትር እየተወነጨፉ፣ ምድርን ሳይነኩ በዙሪያዋ አብረው ስለሚወድቁ፣ ወለሉ እግራቸውን አይገፋውም። ክብደት የሚሰማን ደግሞ ወለል ሲገፋን ነው።

ባቢሎን 5 ይህንኑ ግፊት በሌላ መንገድ ይፈጥረዋል። ጣቢያው እንደተጋደመ በርሜል በዘንጉ ዙሪያ ይሽከረከራል፤ ነዋሪዎቹ የሚቆሙት በውስጠኛው ግድግዳ ላይ፣ ጭንቅላታቸውን ወደ ዘንጉ አድርገው ነው። ሰውነታቸው በቀጥታ መስመር ሊሄድ ሲል ግድግዳው ያለማቋረጥ ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ ክብደት ሆኖ የሚሰማቸውም ያ ግፊት ነው። ለስሌት እንዲመቸን ራዲየሱ 300 ሜትር ነው ብንል፣ የምድርን ያህል ክብደት ለማግኘት በ35 ሰከንድ አንድ ዙር መዞር ይበቃዋል። ከግድግዳው ወደ ዘንጉ በሚወስደው መንገድ እኩሌታ ላይ ያለ ክፍል ውስጥ የሚኖር ሰው ግን የሚሰማው ክብደት ግማሽ ብቻ ነው።

ሐሳቡ የፊልሙ ፈጠራ አይደለም። ሩሲያዊው ኮንስታንቲን ጺዮልኮቭስኪ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ጽፎበታል፤ በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ፕሮፌሰር የነበሩት ጄራርድ ኦኒልም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ 32 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያላቸው ተሽከርካሪ መኖሪያዎች እንዲሠሩ ሐሳብ አቅርበዋል። የፊልሙ ጣቢያ የዚያ ታናሽ ወንድም ነው።

አሮጌ ካሴት፦

ምሕዋር በጎ መልስ ሰጥተዋል፤ እኔ የምጨምረው ስለ አሠራሩ ነው። በቴሌቪዥን በጀት ተዋናይን በየትዕይንቱ በገመድ እያንጠለጠሉ ማንሳፈፍ የማይታሰብ በመሆኑ፣ አብዛኞቹ መሰል ፊልሞች ስለ ስበት ምንም ሳይናገሩ ያልፉታል። የዚህ ፊልም ደራሲ ጄ. ማይክል ስትራዚንስኪ ግን ለሰዎቹ መራመድ ምክንያት ሰጥቶታል፤ ያንንም በምስል አሳይቶታል። ጣቢያው ከውጭ ሲታይ ሲሽከረከር እናያለን። በዘመኑ የተለመደው ትንንሽ ሞዴል ሠርቶ መቅረጽ ሲሆን፣ ፋውንዴሽን ኢሜጂንግ የተባለው ድርጅት ግን ምስሎቹን አሚጋ በተባሉ የቤት ኮምፒውተሮች ሠርቷቸው ለልዩ ምስል ቅንብር የኤሚ ሽልማት አስገኝተዋል።

ፊልሙን ተከትሎ በመጣው ተከታታይ ድራማም ደንቡ አልተጣሰም። ተዋጊ መንኮራኩሮቹ ከጣቢያው ሲወጡ ሞተር አስነስተው አይደለም፤ መያዣቸው ሲለቃቸው በሽክርክሪቱ ኃይል ወደ ውጭ ይወረወራሉ። እኔ በበኩሌ ከፊልሙ ምርመራ ይልቅ ይህን ብልሃት አደንቃለሁ፤ የመራዡ ማንነት የሚገለጥበት መንገድ ትንሽ የተቻኮለ ሆኖብኛል።

ሚዛን፦

ሁለታችሁም ፊልሙን ከልክ በላይ አመሰገናችሁት። የምሕዋርን 300 ሜትር እንደ ወሰድን እንቀጥል። በዚያ ጣቢያ ከ1.5 ሜትር ከፍታ ላይ ከእጅ ያመለጠ ብርጭቆ በቀጥታ ከሥሩ ባለው ቦታ ላይ አያርፍም፤ ከሽክርክሪቱ በተቃራኒ አቅጣጫ ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ሸሽቶ ይወድቃል። በቁማር ቤቱ ውስጥ መጠጥ የሚቀዳ ሰውም ይህንኑ ልማድ ማወቅ ነበረበት። ሽክርክሪቱ ወደሚሄድበት አቅጣጫ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ሰው ክብደቱ በአንድ አሥረኛ ይጨምራል፣ በተቃራኒው ሲሮጥ በዚያው ልክ ይቀንሳል። በፊልሙ ውስጥ ግን የሚሮጥ ሁሉ ሎስ አንጀለስ ባለ ስቱዲዮ ወለል ላይ እንደሚሮጥ ሆኖ ይሮጣል፤ እርግጥ የሚሮጠውም እዚያው ነው።

ይበልጥ የሚያስቀኝ የጣቢያው ክብደት ነው። የተከታታዩ ድራማ የመግቢያ ትረካ ጣቢያው ርዝመቱ አምስት ማይል ማለትም 8 ኪሎ ሜትር፣ ክብደቱም 2.5 ሚሊዮን ቶን እንደሆነ ይነግረናል። ዲያሜትሩን 600 ሜትር ካደረግነው ይዘቱ 2.26 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይሆናል። አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.2 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሚመዝን፣ በውስጡ የሚሞላው አየር ብቻውን 2.7 ሚሊዮን ቶን ይመዝናል። ስለዚህ ለብረቱ፣ ለግድግዳው፣ ለሩብ ሚሊዮን ነዋሪዎቹ የቀረ ክብደት የለም ማለት ነው።

የሌሊት ተመልካች፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፤ እንዲህ ዘወትር የሚሽከረከር ነገር ውስጥ መርከቦች እንዴት ይገባሉ?

ምሕዋር፦

በዘንጉ በኩል ነው። የውጭው ግድግዳ በሰከንድ 54 ሜትር ሲበር፣ መሐሉ ግን ባለበት ይዞራል እንጂ ወዴትም አይሄድም። ስለዚህ የምትገባው መርከብ ፊቷን ወደ መግቢያው አቅንታ፣ በጣቢያው ፍጥነት ልክ ራሷን በ35 ሰከንድ አንድ ዙር ካዞረች፣ ለአብራሪዋ በሩ የቆመ መስሎ ይታያታል። ክብደት የሚመጣው ከዚያ በኋላ፣ መርከቧ ከዘንጉ ወደ ወለሉ በምትወርድበት ጊዜ፣ ቀስ በቀስ ነው። ሚዛን ስለ ቶኑ የሠሩት ስሌት ትክክል ነው፤ ትረካው 25 ሚሊዮን ቢል ኖሮ ለብረቱ 22 ሚሊዮን ቶን ገደማ በተረፈለት ነበር።