ባሕር የሌለው ሀገር ስለ ባሕር ወለል ምን አገባው?

የከዚራ ልጅ፦ ትናንት የጥልቅ ባሕር ማዕድን ዜና ሥር አንዱ «ባሕር የሌለው ሀገር ስለ ባሕር ወለል ምን አገባው» ብሎ ጻፈ። ስንቱ ሳቀለት! አቦ ያናድዳል። እ.ኤ.አ. የ1982ቱ የባሕር ሕግ ከሀገራት ድርሻ ውጭ ያለው ወለል የሰው ልጅ ሁሉ የጋራ ሀብት ነው ይላል። ባሕር ላለውም ለሌለውም። አሜሪካ የስምምነቱ አባል ሳትሆን እ.ኤ.አ. በ2025 ለብቻዬ የቁፋሮ ፈቃድ እሰጣለሁ ስትል እኛ እንስቃለን።

ገንደ ቆሬ፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አላጠፋውም። ምን አገባን? ቧንቧው ሲከፈት የሚወጣው አየር ነው። ደቻቱ ወንዝ በሞላ ቁጥር እንቅልፍ የለንም። አንተ ጃማይካ፣ የዓለም ባሕር ወለል ባለሥልጣን ዘንድ ሄደህ ስብሰባ መቀመጥ አምሮሃል።

የከዚራ ልጅ፦ «ምን አገባን» የምትልበት የድሬዳዋ ሰፈር ራሱ የባሕር ወለል ነበር። የሲሚንቶ ፋብሪካው የሚፈጨው የኖራ ድንጋይ በጁራሲክ ዘመን ከባሕር ሥር የተነጠፈ ነው።

ገንደ ቆሬ፦ ታዲያ የቤት ኪራይ ለባሕሩ ልክፈል?

ሳቢያን፦ ከዚያም ይቀርባል። አሜሪካዊቷ የጂኦሎጂ ባለሙያ ማሪ ታርፕ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የአትላንቲክን ወለል ስትስል መሃሉ ላይ ረጅም ስንጥቅ አየች። የሥራ ባልደረባዋ «የሴት ወሬ» ብሎ አጣጣለባት። በኋላ አብረው ሲከታተሉት ስንጥቁ በኤደን ባሕረ ሰላጤ ዞሮ ከእኛው ስምጥ ሸለቆ ጋር ገጠመ። ያኔ ሴት መርከብ ላይ አትወጣም ነበርና ይህን ሁሉ የሠራችው ቢሮ ቁጭ ብላ ነው። ስለዚህ ባሕር የለንም ሰበብ አይሆንም።

የጂቡቲ መስመር፦ አፋር ውስጥ ዳባሁ ላይ እ.ኤ.አ. በ2005 መሬቱ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ተሰነጠቀ። ሌላው ዓለም የባሕር ወለል እንዲህ ሲከፈት ለማየት ውሃ ሥር ካሜራ ይልካል። እኛ በእግር እንደርሳለን።

ገንደ ቆሬ፦ በል፣ ሚሊዮን ዓመት እንጠብቅና ወደቡን ትከፍትልናለህ።

ጀጎል፦ ጉድ ፈላ! ድሬዎች ሙቀቱ አልበቃ ብሏቸው ባሕርም አማራቸው።

የከዚራ ልጅ፦ የምትጠጡት ውሃ ከድሬ ተገፍቶ ነው ሐረር የሚደርሰው። ዝም በል።

ጀጎል፦ ወላሂ ጀመረ! ከፍለን ነው የምንጠጣው።

ሳቢያን፦ ወደ ነገሩ እንመለስ። እኔ ጥናቱን እደግፋለሁ፣ ቁፋሮውን እቃወማለሁ። በሃዋይና በሜክሲኮ መካከል ያሉት ድንች የሚያካክሉ፣ ኮባልት ያለባቸው የማዕድን ድንጋዮች በሚሊዮን ዓመት የሚያድጉት ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ለሙከራ የተነዳ ማሽን ዱካው ከ40 ዓመት በኋላም አልጠፋም። የዓለም ባሕር ወለል በደንብ የተለካው ገና ሩብ ገደማው ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ጋላፓጎስ አጠገብ ፀሐይ በማይደርስበት ፍል ውሃ ዳር ያ ሁሉ ፍጥረት ይገኛል ብሎ ማን ጠብቆ ነበር? ሳናየው ልናርሰው ነው?

የጂቡቲ መስመር፦ መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና የባትሪው ኮባልት ከየት ይምጣ? ኮንጎ ሕፃናት ይቆፍሩት? የነዳጅ የቤት መኪና አታስገቡ ከተባልን ቆየን። ባትሪ ከሰማይ አይወርድም። ይኸው አገባን!

ሳቢያን፦ እዚህ ከሚነዱት የቻይና መኪኖች ብዙዎቹ ባትሪያቸው ኮባልት የለውም። የቢዋይዲን ጠይቅ።

የጂቡቲ መስመር፦ የእኔ የጭነት መኪና በናፍጣ ነው፣ መምህር። ስለ ሌላው አላውቅም።

ገንደ ቆሬ፦ እርስ በርስ ተጣላችሁ እኮ። እኔ ዝም ብዬ እያየሁ ነው።

የከዚራ ልጅ፦ ይሄንንም እየው። ቀይ ባሕር መሃል 2,000 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ዚንክና መዳብ የሞላበት ትኩስ ጭቃ አለ። ሳውዲና ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1974 በጋራ ሊያለሙት ተፈራረሙ። ያኔ እኛም ቀይ ባሕር ላይ ነበርን። ማን ጠየቀ?

ሳቢያን፦ እሱ እንኳ በሁለቱ መካከል ያለ ነው፤ የእኛ ድርሻ አልነበረም።

ገንደ ቆሬ፦ ራሱ መለሰልኝ። ባሕር እያለንም አላገባንም!

የከዚራ ልጅ፦ አልጠየቅንም ነው ያልኩት። አታጣምም።

ገንደ ቆሬ፦ ያው ነው።

የከዚራ ልጅ፦ ያው አይደለም!

ጀጎል፦ ከፍለን ነው የምንጠጣው ብያለሁ። መልስ የለም?