አባዬ ሬቲናው ከተሰራ ሦስት ሳምንት ሆነው፣ ለምን አያይም?

ናዝሬት_ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አባዬ 61 ዓመቱ ነው፣ አዳማ ነን። መጀመሪያ በቀኝ ዓይኔ ዝንብ የሚመስል ነገር ይዞርብኛል አለ፣ ከዛ ከጎን ጥቁር መጋረጃ መጣብኝ አለ። እኛ ስኳሩ ነው ብለን ዝም አልን። አዲስ አበባ ስንወስደው ሁለት ሳምንት አልፎ ነበር። ሬቲናው፣ ማለትም ከዓይን ኋላ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን፣ ተላቅቋል ተብሎ ተሰራ፣ ደግፎ እንዲይዘው ዓይኑ ውስጥ የጋዝ አረፋ ተደረገለት። ተሳክቷል ብለውናል፣ እሱ ግን ጣት እንኳን መቁጠር አቅቶት «ገንዘባችሁን ውሃ በላው» እያለ ይነጫነጫል። ሰኞ ለቀጠሮ በመኪና እንወጣለን። ያያል ወይስ በቃ?

ግንበኛው፦
ጋዙ እስኪሄድ ምንም አይታይም ወንድሜ፣ እኔም ተሰርቻለሁ። ሳምንት ሙሉ አንገቴን ደፍቼ ከረምኩ። ከዛ አንድ ቀን ከላይ በኩል ቀጭን ብርሃን መጣ፣ ከስሩ ልክ እንደ ውሃ ልክ የሚወዛወዝ መስመር። መስመሩ በየቀኑ ዝቅ ይላል። ዛሬ አያለሁ፣ ግን ቀጥ ያለው ግድግዳ በዚያ ዓይን ጎበጥ ብሎ ነው የሚታየኝ። ቱንቢዬን እያመንኩ ነው የምሰራው።

ሲስተር_ሐዋሳ፦
ተሳካ ማለት ሬቲናው ቦታው ተመልሷል ማለት ነው፣ ማየቱ ሌላ ጉዳይ ነው። ዋናው ነገር መሃሉ፣ ማኩላ የሚባለው ፊደልና የሰው ፊት የምንለይበት ቦታ፣ ተላቅቆ ነበር ወይ፣ ከነበረስ ስንት ቀን ቆየ የሚለው ነው። ሬቲና ከኋላው ካለው ሽፋን ስለሚመገብ፣ ተላቅቆ በቆየ ቁጥር ህዋሳቱ ይጎዳሉ። ከሳምንት በላይ ከቆየ እንደ ድሮው የማየት ዕድሉ ይቀንሳል። ግን በሦስት ሳምንት አይፈረድም፣ ለወራት ቀስ እያለ ይሻሻላል፣ አንዳንዱ ከዓመትም በኋላ። ወደፊት የዓይን ሞራ ሊመጣባቸው ስለሚችል ያኔ ሬቲናው ተበላሸ ብላችሁ አትደንግጡ። ስኳራቸውንም ተቆጣጠሩ።

እኔን ያስደነገጠኝ የሰኞው ጉዞ ነው። አዳማ 1,700 ሜትር ገደማ ነው፣ አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ። ከፍታ ሲጨምር ጋዙ ይለጠጥና የዓይን ግፊት ያሻቅባል። በጋዙ ፋንታ የተደረገላቸው ዘይት ቢሆን ኖሮ ይህ አያሳስብም ነበር። ሳትነሱ ለሰራቸው ሐኪም ደውሉ። ዓይናቸውን አጥብቆ ካመማቸው፣ ካስመለሳቸው ወይም መጋረጃው ከተመለሰ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ቅርብ ወዳለ ሐኪም ሩጡ።

ናዝሬት_ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሲስተር። ደወልኩ። መጀመሪያ እዚሁ ግፊቱን አስለኩ፣ ጋዙ እስኪቀንስ ቀጠሮው ይገፋ አሉን። የማኩላውንም ጠየቅኩ፣ ተላቅቆ ነበር። ያቺ ሁለት ሳምንት ቆጨችኝ።

የግንበኛውን ሳነብለት አባዬ ፀጥ አለ። «ከላይ ብርሃን ያልከው፣ እኔም አለኝ» አለ። ለካ ሦስት ቀን ሆኖታል፣ አኩርፎ ነው ያልነገረን።