ኤል 3110 ላይ የተደባለቀ ጥቁር ቀለም፦ ሄዱ ይድናል?

የማራኪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ፕሪንተሩ ኤፕሰን ኤል 3110 ነው፤ ጎንደር ማራኪ ግቢ አካባቢ የመመረቂያ ጽሑፍ ይታተምበታል። ጥቁሩ ታንክ ውስጥ ግማሽ ያህል ኦሪጅናል 003 ቀለም እያለ «ለሁሉም ፕሪንተር ይሆናል» ከሚል ጠርሙስ ተጨመረበት። መጀመሪያ ላይ ጽሑፉ እንዲያውም ደመቅ ብሎ ነበር የሚወጣው። አሁን ኖዝል ቼክ (የቀለም መርጫ ቀዳዳዎቹ መፈተሻ ገጽ) ሲወጣ ከጥቁሩ መስመር ከግማሽ በላይ ይጎድላል። ሄድ ክሊኒንግ (ቀለም የሚረጨውን ሄድ ፕሪንተሩ ራሱ የሚያጸዳበት ትእዛዝ) ሲደረግ ክፍተቱ ቦታ ይቀይራል እንጂ አይጠፋም፤ አንዳንዴም ይብስበታል። ሦስቱ ከለሮች ደህና ናቸው። የተጨመረው ምን ዓይነት ቀለም እንደሆነ በምን ይለያል? ሄዱ ይታጠባል ወይስ ይቀየራል? አልኮል ይግባበት የሚሉም አሉ።

ጥገና_አራዳ፦
እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ክሊኒንጉን አቁሚ። የደረቀ ኖዝል ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው የሚጎድለው። ክፍተቱ ከተንቀሳቀሰ ወይ አየር ገብቷል ወይ ቀለም በበቂ መጠን እየደረሰ አይደለም። እንዳልሽው ከሆነ የዳምፐሩ (ቀለሙ ሄዱ ውስጥ ከመግባቱ በፊት የሚያልፍበት ትንሽ ክፍል) ማጣሪያ በጓጎለ ቀለም የተያዘ ይመስለኛል። ክሊኒንግ በተጫንሽ ቁጥር ፓምፑ ያንኑ የጓጎለ ቀለም ወደ ሄዱ ይስባል፣ የቆሻሻ ቀለም ስፖንጁንም ይሞላል።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ቀለም ዳይና ፒግመንት የሚባል ሁለት ዓይነት አለው። 003 ዳይ ነው፤ ቀለሙ ፈሳሹ ውስጥ ሟሙቷል። ፒግመንት ግን የማይሟማ ደቃቅ ዱቄት ነው። ቅንጣቶቹ 100 ናኖሜትር አካባቢ ስለሆኑ 20 ማይክሮን ገደማ ስፋት ባለው ኖዝል ያለ ችግር ያልፋሉ፤ ግን እርስ በርሳቸው እስካልተጣበቁ ድረስ ብቻ። እንዳይጣበቁ የሚያደርጋቸው በላያቸው ያለው የኤሌክትሪክ ቻርጅና አብሮ የሚገባው ኬሚካል ነው። ከሌላ ቀለም ጋር ሲገናኙ የዚያኛው ጨውና አሲድነት ቻርጁን ያዳክመዋል፣ ሎሚ እንደገባበት ወተትም ይቋጠራሉ። ወዲያው ላይሆን ስለሚችል ነው የመጀመሪያው ሕትመት ያማረው።

ለመለየት ከጠርሙሱ አንድ ጠብታ ተራ ወረቀት ላይ አድርጊና 10 ደቂቃ ይድረቅ። ከዚያ ውሃ ጠብ አድርጊበት። ከተዘረጋና ከፈሰሰ ዳይ ነው፤ ባለበት ከቀረ ፒግመንት ነው። መደባለቁን ለማየት ደግሞ ከጠርሙሱም ከ003ም 5 ሚሊ ሊትር በብርጭቆ አቀላቅለሽ ለ24 ሰዓት ሳትነኪው ተይውና ቀስ ብለሽ አዘንብይው፤ ግድግዳው ላይ አሸዋ የመሰለ ነገር ከቀረ ነገሩ አለቀ። ምንም ካልቀረም ደህና ነው ማለት አይደለም፤ ዓይን የማያየው የጓጎለ ቅንጣትም ማጣሪያ ይዘጋል።

«ለሁሉም ይሆናል» የሚለውን ጽሑፍ አትመኚው። የካነን ጂ 2010ና 3010 እንዲሁም የኤችፒ ኢንክ ታንክ 315ና 415 ጥቁር ቀለም ፒግመንት ነው፤ ከለሮቻቸው ዳይ ናቸው። የኤል 3110 አራቱም ዳይ ናቸው። ለእነዚያ የሚሆን ጥቁር በ003 ላይ ሊጨመር አይችልም።

ባለሲሪንጁ፦
አራዳ ባለው ላይ የምጨምረው የአሠራሩን ቅደም ተከተል ነው። ብዙ ሰው ሥራውን ከሄዱ ይጀምራል፤ ታጥቦ ሲያልቅ ታንክና ቱቦ ውስጥ የቀረው ቀለም መልሶ ይዘጋዋል። ከታንኩ ጀምሪ፣ ሄዱን መጨረሻ ላይ አድርጊው።

አብሪውና ሄዱ ከማረፊያው ወጥቶ መንቀሳቀስ ሲጀምር የኤሌክትሪክ ገመዱን ንቀይ፤ ያን ጊዜ በእጅ ወደ መሃል ይመጣልሻል። የጥቁሩን ታንክ በ50 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ምጠጪና ባዶ አድርጊው። የዳምፐሮቹን ሽፋን ፈትተሽ ጥቁሩን ዳምፐር አንሺ፣ ከቱቦው አላቂው። ታንኩ ውስጥ የሄድ ማጠቢያ ፈሳሽ ጨምረሽ በቱቦው ጫፍ በኩል በሲሪንጅ ሳቢ፤ የሚወጣው ፈሳሽ ጥርት እስኪል ደጋግሚ። ዳምፐሩን ለማጠብ አትድከሚ፣ ቀይሪው። ማጣሪያው አንዴ ከተያዘ ታጥቦ እንደ ቀድሞው አይሆንም።

ቀጥሎ ሄዱ የሚያርፍበት ካፒንግ ላይ ጥቂት ጠብታ ማጠቢያ አድርጊ፤ ዙሪያውን ያለውን ጎማና መጥረጊያውን በለስላሳ ጨርቅ አጽጂ። ጎማው ላይ የደረቀ ቀለም ካለ ፓምፑ አየር ነው የሚስበው፤ ያኔ ሄዱ ንጹሕ ሆኖም ኖዝል ቼኩ ይጎድላል።

አሁን ሄዱ። ሶፍት አጥፈሽ ማጠቢያ አርሺና ከሥሩ አስቀምጪ። ከፋርማሲ የሚገዛ የጉሉኮስ ቱቦ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆርጠሽ 5 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ላይ ሰክተሽ በጥቁሩ መግቢያ ላይ አድርጊው። 1 ሚሊ ሊትር በዝግታ ግፊ፣ 10 ደቂቃ ጠብቂ፣ ድገሚ። እንቢ ካለ ለሌሊቱ ተነክሮ ይደር እንጂ በጉልበት አትግፊው። ከተጨነቀ የሄዱ ውስጥ ሽፋን ይላቀቅና ጥቁሩ ወደ ከለሮቹ ይፈሳል፤ ከዚያ በኋላ መፍትሔው አዲስ ሄድ ብቻ ነው። ጠፍጣፋውን ገመድና የሚሰካበትን ቦታ ውሃ እንዳይነካው። እርጥብ ሆኖ ኤሌክትሪክ ካገኘው የቦርዱ ፊውዝ ይቃጠላል፣ ሄዱም አብሮ ሊሄድ ይችላል።

አዲሱን ዳምፐር ስትገጥሚ ቀለሙን በሲሪንጅ ከታንኩ እስከ ዳምፐሩ ሳቢው፤ ይህ ብዙ ክሊኒንግ ያተርፍልሻል። አንድ ክሊኒንግ፣ ከዚያ ኖዝል ቼክ። ሦስት ጊዜ ተደርጎ ካልተስተካከለ አጥፍተሽ ለ12 ሰዓት አሳርፊው።

የማራኪዋ፦
አመሰግናለሁ። ማጠቢያ ፈሳሹ ካልተገኘስ በምን ይተካል? መብራት በሥራ መሃል ስለሚጠፋም ያ ጉዳት ይኖረው እንደሆነ ንገሩኝ።

ጥገና_አራዳ፦
ከመኪና ዕቃ ሱቅ የባትሪ ውሃ ግዢ። «ውሃ» ብለሽ ጠይቂ፣ ጠርሙሱንም አንብቢ፤ አጠገቡ የሚሸጠው የባትሪ አሲድ ነው። 100 ሚሊ ሊትር የባትሪ ውሃ፣ 5 ሚሊ ሊትር ግሊሰሪን፣ 10 ሚሊ ሊትር አሞኒያ ያለበት የመስተዋት ማጽጃ። አሞኒያው ፈሳሹን አልካላይን ስለሚያደርገው ፒግመንቱ መልሶ ይበታተናል። በዚሁ ምክንያት ኮምጣጤና ሎሚ የሚሉትን አትስሚ፣ አሲድ ያጓጉለዋል። የቧንቧ ውሃም ማዕድኑ ኖዝል ላይ ይቀራል።

ባለሲሪንጁ፦
በመስተዋት ማጽጃው ላይ አልስማማም። ሽቶና ከለር የተጨመረበት ብዙ ነው፤ ምን እንዳለበት ካልታወቀ ይቅር። የባትሪ ውሃውና ግሊሰሪኑ ለብቻቸው፣ 40 ዲግሪ አካባቢ ለብ ብለው ይሠራሉ፤ የሚፈልጉት ጊዜ ብቻ ነው። አልኮሉን በተመለከተ፦ 90 በመቶ የሆነው የፒግመንቱን ማጣበቂያ ሙጫ ያጠነክረዋል፣ የሄዱንም ማጣበቂያ ይጎዳል። አይግባ።

መብራት ሲጠፋ ሄዱ ካፒንጉ ላይ ሳያርፍ ይቀራል፤ በበጋው ደረቅ አየር ኖዝሉ ቶሎ ይደርቃል። መብራቱ ሲመለስ ወዲያው አብሪው፣ ራሱ ወደ ቦታው ይመለሳል። ማታም ከማከፋፈያው አትንቀይ፣ በራሱ ቁልፍ አጥፊው። አነስ ያለ ዩፒኤስ ካለ ለዚህ በቂ ነው።

ባለቲሸርቱ፦
በዚሁ አጋጣሚ ለጥምቀት ቲሸርት ብላችሁ ዳይ የነበረበት ፕሪንተር ላይ ሰብሊሜሽን ቀለም (በሙቀት ወደ ጨርቅ የሚተላለፍ) የምታስገቡ፣ እሱም ቅንጣት ያለው ቀለም ነው። ታንኩ ተመጦ ብቻ አይበቃም፣ ከላይ የተባለው እጥበት በሙሉ ያስፈልገዋል። ለሰብሊሜሽን ቀለም ነክቶት የማያውቅ ፕሪንተር ለብቻው ለዩ። የሙቀት ፕሬሱ 190 እስከ 200 ዲግሪ፣ ከ45 እስከ 60 ሰከንድ፤ ጨርቁ ፖሊስተር ይሁን። ጥጥ ላይ ታጥቦ ይለቃል።

ጥገና_አራዳ፦
ለማራኪዋ አንድ የቀረ ነገር አለ። ያን ሁሉ ክሊኒንግ ስላደረግሽ የስፖንጁ ቆጣሪ ሞልቶ ሁለቱ መብራቶች ተራ በተራ ብልጭ ድርግም ሊሉ ይችላሉ። ያን በአጀስትመንት ፕሮግራም (ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ የጥገና ሶፍትዌር) ዜሮ ማድረግ ይቻላል፤ ቆጣሪው ሲጠፋ ስፖንጁ ግን አልደረቀም። ካልቀየርሽው ቀለሙ ከሥር ወደ ጠረጴዛው ይወርዳል። ሁለቱንም በአንድ ቀን አድርጊ።