«ነደፈ»፣ «ነከሰ» ወይስ «ለበለበ»?

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ቁጭ ብዬ ስለ ሣጥን ጄሊፊሽ (ባሕር ውስጥ የሚዋኝ፣ ገላው ለስላሳ የሆነ መርዛም እንስሳ) የሚያወራ የልጆች ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ አንድ ግሥ አስቸገረኝ። ሰው ሲነካው ምን አደረገው ልበል? «ነከሰው» አይሆንም፤ የሚነክስ ውሻ ነው። «ነደፈው» ብል ደግሞ ልጆቹ እንደ ንብ አንዲት መርፌ ያለችው ሊመስላቸው ነው።

— አብሽሪ እህቴ፣ መልሱ አጥርሽ ሥር በቅሏል። ሳማ! ልጅ ሆነን ኮምቦልቻ ኳስ ልናወጣ አጥር ውስጥ ስንገባ የለበለበንን ማን ይረሳዋል። የሳማ ጸጉር ሲነኩት ተሰብሮ ፈሳሹን ቆዳ ውስጥ ይጨምራል። ጄሊፊሹም ከገላው የሚንጠለጠሉት ረጃጅም ክሮቹ ላይ እጅግ ብዙ ጥቃቅን ሕዋሳት አሉት፤ በየአንዳንዳቸው ውስጥ የተጠቀለለ ቀጭን መርዛም ቱቦ አለ፣ ሲነኩት ተፈትልኮ ይወጋል። እንዲያውም የወገኑ ስም «ኒዳሪያ» የመጣው ሳማ ከሚለው የግሪክ ቃል ነው። ደግሞስ «በጅራፍ ለበለበው» እንል የለ? ኪሮኔክስ ፍሌኬሪ የሚባለው የአውስትራሊያው ሣጥን ጄሊፊሽ እስከ 60 ክሮች አሉት፣ እስከ 3 ሜትር ይረዝማሉ፤ ገላ ላይ የሚተወው ሰንበር ቁርጥ የጅራፍ!

— ሰንበሩን ወድጄዋለሁ። ግን ወንድሜ፣ የኛ ሳማ ሰው ይገድላል እንዴ? የዚያኛው መርዝ ልብ አቁሞ በደቂቃዎች ሊገድል ይችላል። አውስትራሊያ፣ ኩዊንስላንድ ውስጥ በ1955 እ.ኤ.አ. የ5 ዓመት ልጅ ሞቶበት ነው አጥኚዎቹ ፍጥረቱን ፈልገው ያገኙትና በዓመቱ ስም ያወጡለት። አንቺም እህቴ፣ «ለበለበ» ብቻ ካልሽ ልጆቹ «ኤጭ፣ ሳማ ነው» ብለው ይንቁታል። ጊንጥም እባብም «ነደፈ» ነው የምንለው፣ የሚያስፈራው ቃል እሱ ነው። በዚያው ላይ ጄሊፊሹን «ተንሳፋፊ» እንዳትዪው አደራ፣ አስቦበት የሚዋኝ ነው የሚመስለው። 24 ዓይኖች አሉት፣ ከፊሎቹ እንደ እኛ ሌንስ ያላቸው፤ እንደ እኛ ያለ አንጎል ግን የለውም።

— እሺ፣ «ነደፈው፣ ገላውም ተለበለበ፣ ሰንበር በሰንበር ሆነ» ብዬ ጻፍኩት። የቀረችኝ የመጀመሪያ ርዳታዋ ነበረች፣ ገና ያልተፈናጠሩትን ሕዋሳት የምታከሽፈው። «ኮምጣጤ» ብዬ ለእማዬ ሳነብላት «አቼቶ አትይም እንዴ!» አለችኝ። አቼቶ አልኩት።