ምሽት ላይ የሚጠፋው የጂፒኤስ ልኬት ከፀሐይ ማዕበል ጋር ይያያዛል?

ጥያቄ፦ ቀያሽ ከአዲስ አበባ

የተከበራችሁ ተሳታፊዎች፣ በመንገድ ግንባታ ፕሮጀክት ላይ በቅየሳ ሙያ እሠራለሁ። ቀን የተሽከርካሪ ብዛት ስለሚያስቸግረን ብዙውን ጊዜ የምንለካው ከመሸ በኋላ ነው። ይሁንና በተለይ በመጋቢትና በሚያዝያ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ጀምሮ፣ ሮቨሩ (ይዘነው የምንዞረው የጂፒኤስ መቀበያ) ፊክስ (የተረጋገጠ ትክክለኛ ልኬት) መስጠቱን ያቆማል፤ ቢሰጥም ከፍታው ይዋልላል። ጠዋት በዚያው ነጥብ ላይ ስንለካ ግን ምንም ችግር የለም። ባልደረቦቼ «የፀሐይ ማዕበል ነው» ይላሉ፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የሚመጣ ችግር እንዴት ከፀሐይ ሊሆን ይችላል? በቴሌግራም የሚዘዋወረው «ዛሬ ሌሊት ኃይለኛ ጨረር ስለሚያልፍ ስልካችሁን አጥፉ» የሚለው መልእክትስ እውነትነት አለው?

መልስ፦ የሬዲዮ ቴክኒሻን

የቴሌግራሙን መልእክት ይተዉት፤ ቀኑ እየተቀየረ ለዓመታት የተሠራጨ ሐሰት ነው። በማዕበል ጊዜ የሚመጡትን ቅንጣቶች ከባቢ አየራችን ስለሚያስቀራቸው፣ አልጋ አጠገብ ያለ ስልክ የሚያደርሰው የተለየ ጉዳት የለም።

መልስ፦ የፊዚክስ መምህር

ባልደረቦችዎ መንስኤው ፀሐይ ናት ማለታቸው ትክክል ነው፤ ማዕበል (ከፀሐይ ተነሥቶ የምድርን መግነጢስ የሚያናውጥ ፍንዳታ) ማለታቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ልክ አይደለም። ኢትዮጵያ የምትገኘው መግነጢሳዊው የምድር ወገብ (የምድር መግነጢስ መስክ አግድም የሚሆንበት መስመር) በሚያልፍበት መስመር ላይ ሲሆን፣ አዲስ አበባም ከዚህ መስመር እጅግ ቅርብ ናት። ቀን ቀን የፀሐይ ጨረር አዮኖስፌር የሚባለውን የላይኛውን ከባቢ አየር በኤሌክትሪክ ይሞላዋል። ፀሐይ ስትጠልቅ ይህ ንብርብር በኤሌክትሪክ መስክ ተገፍቶ ወደ ላይ ከፍ ይላል፤ የታችኛው ክፍሉ ደግሞ በፍጥነት ይሳሳል። በዚህ ጊዜ ስሱው ክፍል፣ ከውኃ ሥር እንደተለቀቀ ዘይት፣ ጥቅጥቁን ሰንጥቆ ይወጣል፤ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትሮች ከፍታ ያላቸው የፕላዝማ (በኤሌክትሪክ የተሞላ ጋዝ) አረፋዎች የሚፈጠሩትም በዚህ መንገድ ነው። የሳተላይቱ ምልክት በእነዚህ አረፋዎች ውስጥ ሲያልፍ ኃይሉም ፌዙም (የሞገዱ ደረጃ) ስለሚዋዥቅ ሪሲቨሩ (መቀበያው) ምልክቱን ይለቀዋል።

ይህ እንዲሆን ማዕበል አያስፈልግም። በእኛ አካባቢ በመጋቢትና በሚያዝያ፣ እንዲሁም በመስከረምና በጥቅምት ይበረታል፤ ፀሐይ ንቁ በምትሆንባቸው ዓመታት ደግሞ ይብሳል፤ አሁን ያለንበት የፀሐይ ዑደትም እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ ከፍተኛው ደረጃው መድረሱ ታውጇል። የሚገርመው፣ እውነተኛ ማዕበል አንዳንድ ጊዜ አረፋዎቹን ሲቀሰቅስ፣ ሌላ ጊዜ ጭራሽ እንዳይፈጠሩ ያደርጋል። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የደረሰው ታላቅ ማዕበል በአሜሪካ የዘር ወቅት ላይ በጂፒኤስ የሚመሩ ትራክተሮችን እስከማስቆም ደርሶ ነበር። የእርስዎ ችግር ግን ማዕበል በሌለበት ተራ ምሽትም የሚመላለስ ነው።

መልስ፦ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ

በመምህሩ ማብራሪያ እስማማለሁ፤ ነገር ግን አንባቢ ማዕበልን ለእኛ ከቁብ የማይቆጠር አድርጎ እንዳይወስደው እሰጋለሁ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1989 የካናዳዋ ኩቤክ የኃይል መረብ በፀሐይ ማዕበል ምክንያት በደቂቃዎች ውስጥ ወድቆ 6 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ለ9 ሰዓታት ያለ መብራት ቀርቷል። የአካባቢው ዐለት ኤሌክትሪክ በደንብ ስለማያስተላልፍ፣ ማዕበሉ በመሬት ውስጥ የቀሰቀሰው የኤሌክትሪክ ጅረት ረጃጅሞቹን የኃይል መስመሮች መንገድ አድርጓቸዋል። እንዲህ ያለው አደጋ ወደ ዋልታዎች በቀረቡ አገሮች ይበዛል፤ ቢሆንም እ.ኤ.አ. በ2003 ማዕበል በደቡብ አፍሪካ ትራንስፎርመሮች ተጎድተዋል። በመግነጢሳዊው ወገብ ላይ ደግሞ ቀን ቀን በአዮኖስፌር ውስጥ የሚፈሰው የኤሌክትሪክ ጅረት ድንገተኛውን የመግነጢስ ለውጥ ስለሚያጎላው፣ የኃይል መስመር በረዘመ ቁጥር ጉዳዩን መለካት ይገባል።

ጠያቂው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ታዲያ ባለ ሁለት ፍሪኩዌንሲ ሪሲቨር ችግሩን አይፈታውም?

መልስ፦ የፊዚክስ መምህር

በከፊል ብቻ። ሁለቱ ፍሪኩዌንሲዎች የምልክቱን መዘግየት ለማስላት ያስችላሉ፤ ምልክቱ ራሱ ሲጠፋ ግን የሚሰላ ነገር አይኖርም። ጂፒኤስን ከሌሎቹ የሳተላይት ሥርዓቶች፣ ከጋሊሊዮ፣ ከግሎናስና ከቤይዱ ጋር አጣምሮ የሚቀበል መሣሪያ ይመረጣል፤ አረፋዎቹ ሰማዩን በሙሉ በአንድ ጊዜ ስለማይሸፍኑ የተረፉት ሳተላይቶች ሊበቁ ይችላሉ። ቤዙን (ቋሚውን መቀበያ) ከሮቨሩ አታርቁ፤ የመቆጣጠሪያ ነጥቦችን (ሌሎቹ ልኬቶች የሚመሠረቱባቸውን) ደግሞ በእነዚህ ወራት ጎሕ ሲቀድ ለኩ፤ ያን ጊዜ መንገዱም ገና ከመኪና ነፃ ነው።