ክርክር፦ አባይን ለመሻገር ይከፈል?

የአባይ ማዶው፦ ትናንት ቡና ላይ የተነሳች ነገር ናት። እንግሊዝንና ዌልስን የሚለይ ሰቨርን የሚባል ወንዝ አለ። የመጀመሪያው ትልቅ ድልድይ እ.ኤ.አ. በ1966 ከተከፈተ ጀምሮ ባለመኪና እየከፈለ ነበር የሚሻገረው። ታኅሣሥ 8 ቀን 2011 ዓ.ም. ክፍያው ቀረ። ይህን ስናወራ አንዱ ጓደኛችን "የኛም የባህር ዳሩ አዲሱ የአባይ ድልድይ ለጥገናው ክፍያ ቢኖረው ምናለበት?" አለ። በረካው ሳይደርስ ተጣላን። እስኪ ፍረዱን። እኔ አቋሜን ልናገር፦ የምኖረው አባይ ማዶ፣ ሥራዬ ከተማ። አልከፍልም!

ኢንጂነሩ፦ ጓደኛው እኔ ነኝ። አንተ ማዶ መኖርህ ክርክር አይሆንም። ድልድይ ያረጃል። የኛው 380 ሜትር ይረዝማል፣ 43 ሜትር ይሰፋል። ግንቦት 2016 ሲመረቅ ሁላችንም ፎቶ ተነሳን። ነገ ኬብሉና መጋጠሚያው ጥገና ሲፈልግ ከየት ይመጣል? የአዲስ አበባ–አዳማ ፍጥነት መንገድ ላይ የሚነዳ ይከፍል የለ?

የአባይ ማዶው፦ ከአዳማው ጋር አታምታታው። እዚያ ያልፈለገ በአሮጌው መንገድ ይሄዳል። እዚህ በምን ልሻገር፣ በታንኳ?

ኢንጂነሩ፦ አሮጌ ድልድይማ እኛም አለን።

የአባይ ማዶው፦ አሮጌው ቢደክመው አይደል አዲሱ የተሠራው!

ባለባጃጁ፦ እኔ በቀን ሃያ ጊዜ እሻገራለሁ እንበል። በአንድ ማለፊያ 10 ብር ብትሉኝ 200 ብር ነው። ከኪሴ አላወጣውም፣ ተሳፋሪ ላይ ነው የምጥለው። ተሳፋሪዬ ደግሞ ማን መሰላችሁ? ማዶ ዩኒቨርሲቲው ዘንዘልማ ግቢ የሚማር ተማሪ ነው። ዛሬ ጠዋት የጫንኳት እናት የሽንኩርት ጆንያዋን ጭኗ ላይ አቅፋ ነው የሄደችው፤ ጆንያው ለብቻው እንዳይከፈልበት። እሷን ነው ድልድይ ክፈይ የምላት? ደሞ ቤንዚን ስቀዳ ለመንገድ ጥገና ተብሎ ተቆርጦብኛል።

ነጋዴዋ፦ ልክ ብለሃል። ከፎገራ ሩዝ የጫነ አይሱዙ ባህር ዳር እስኪገባ የኮቴ ደረሰኝ ሹፌሩ መስታወት ሥር ተደርድሮ ታገኙታላችሁ። አንድ ተጨማሪ ወረቀት ከመጣማ መስታወቱም አይበቃም።

ጋሼ መምህር፦ ልጆች፣ ኬላ ለኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም። ሲራራ ነጋዴ በየመሻገሪያው ሲቀረጥ ነው የኖረው። ነጋዴውም ዋጋው ላይ ጨምሮ ይሸጥ ነበር፣ ይህም አዲስ አይደለም። የሰቨርኑን ግን በደንብ ተመልከቱት። በመጨረሻዎቹ ዓመታት የሚከፈለው ወደ ዌልስ ሲገባ ብቻ ነበር፤ መውጫው ነፃ። ለቤት መኪና እስከ 6 ፓውንድ ከ70 ደርሶ ነበር። ዌልሶች አገራችን ለመግባት እንቀጣለን ብለው ያማረሩት በከንቱ አይደለም። ስኮትላንድ ውስጥ ደግሞ ወደ ስካይ ደሴት የሚያሻግረው ድልድይ ላይ አንከፍልም ያሉ ሰዎች ፍርድ ቤት ድረስ ቆመዋል። እ.ኤ.አ. በ2004 እሱም ቀረ።

ኢንጂነሩ፦ ከቀረ በኋላ የሆነውንስ ለምን አይነግሩንም ጋሼ? ሰቨርን ላይ መኪናው በዛ። ከእንግሊዟ ከተማ ከብሪስቶል ቤት ፈላጊው ወደ ዌልስ ተሻገረ፣ እነ ቼፕስቶው ባሉ የዌልስ ከተሞች ቤት ተወደደ። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ የአሮጌው ድልድይ ኬብል ስላሰጋ ከ7.5 ቶን በላይ የሆነ መኪና እንዳያልፍበት ተከለከለ።

ጋሼ መምህር፦ ልጄ፣ ኬብሉ መዛጉ የታወቀው በ2006 ነው፣ በነሱ አቆጣጠር። ያኔ ሰው እየከፈለ ነበር።

ባለባጃጁ፦ 😂😂 ጋሼ ጨረሱት!

ኢንጂነሩ፦ እሺ ጋሼ፣ ያቺን ይውሰዷት። ግን ድልድይ የሚጎዳው ባጃጅ ሳይሆን ከባድ መኪና ነው። ተሳቢው ብቻ ይክፈል። ብስክሌትና እግረኛ፣ ባጃጅና ታክሲ ይለፉ።

ነጋዴዋ፦ ተሳቢውስ ከየት ያመጣዋል? ሲሚንቶው ላይ ይጨምራል። አንተም ቤት ስትሠራ ታገኘዋለህ።

ኢንጂነሩ፦ እህት ዓለም፣ በነዳጅ በኩል ሲሆንም የምንከፍለው እኛው ነን። በኔ መንገድ ቢያንስ ድልድዩን የሚጎዳው ይበልጥ ይከፍላል። ለምን እንደሆነም በደረሰኝ ታውቂዋለሽ።

የአባይ ማዶው፦ ይቺ እንኳ ታስኬዳለች። በክብደት ከሆነ ብዙ አልጮህም። እኔን ግን ቤት ተወደደ ያልከው ነው የነካኝ። አከራዬ ድልድዩ ከተመረቀ ወዲህ "አሁንማ መሀል ከተማ ነን እኮ" ማለት አብዝተዋል። ባለፈው ወር ኪራዩን ጨመሩ። ለካ እኔ መክፈል ጀምሬያለሁ።

ኢንጂነሩ፦ ለዚህኛውስ ደረሰኝ ሰጡህ?

የአባይ ማዶው፦ የምን ደረሰኝ!

ባለባጃጁ፦ በሉ ማዶ የሚሄድ ሰው አግኝቻለሁ፣ ማታ እመለሳለሁ።