«ወዛደር» እና ሚያዝያ 23

እህቴ፣ «ወዛደር ማለት ላብ አደር ማለት ነው አይደል?» ብለሽ የጠየቅሽው ነገር ሲከነክነኝ አደረ። ለኔ ሁለቱ ቃላት አንድ አይደሉም።

ላብ ጠብ ይላል፣ ይጠረጋል፣ አለቀ። ወዝ ግን ይቀራል። እኛ ጎጃም «ወዛም ፊት» ስንል ማሞገሳችን ነው፤ በሽታ የከረመበትን ሰው ደግሞ «ወዙ ሁሉ ተሟጠጠ» እንላለን። አባቴ አሮጌ እርፍ ነበረችው። መያዣዋ ጠቁሮ እንደ መስታወት ያበራል። አዲስ እርፍ መዳፍ ይልጣል፣ እሷ ግን ለስልሳ ነበር፣ «ወዝ ጠጥታለች» ይላታል። ስለ ወዛደር ባሰብኩ ቁጥር የምትመጣብኝ እሷ ናት።

«አደር»ን ታውቂዋለሽ። አርሶ አደር፣ አርብቶ አደር፣ ለፍቶ አዳሪ። ማደር መኖር ነው፣ ኑሮን መግፋት። አርሶ አደሩ መሬት አለው፣ በሬ አለው። ወዛደር ከገዛ ወዙ ሌላ የሚያድርበት ነገር የሌለው ሰው ነው፤ ቃሉን የፈጠረው ሰው ይህን አስቦ ከሆነ እጁ ይባረክ።

በደርግ ጊዜ «የዓለም ወዛደሮች ተባበሩ» እየተባለ በየሰልፉ ተጮኸበትና ቃሉ ከመፈክሩ ጋር አብሮ ወደቀ። አሁን «ሠራተኛ» ብቻ ነው የምንለው። ግን «ሠራተኛ ቀጠርን» ሲባል ሰው የሚረዳው የቤት ሠራተኛ ነው፣ ስለዚህ ያ ቃል በመጥፋቱ የእውነት አዝናለሁ።

ሚያዝያ 23 የምናከብረው የሠራተኞች ቀን የመጣው ከአሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. ከሜይ 1 ቀን 1886 ጀምሮ ቺካጎ ውስጥ ሠራተኞች የሥራ ቀን 8 ሰዓት ይሁን ብለው ሥራ አቆሙ፣ በአራተኛው ቀን ሃይማርኬት አደባባይ ላይ ቦምብ ፈነዳ፣ ሰው ሞተ፣ በኋላም አራት ሰዎች ተሰቀሉ። በ1889 ፓሪስ የተሰበሰቡ ሶሻሊስቶች ሜይ 1 የሠራተኛ ቀን ይሁን አሉ። አሜሪካኖቹ ራሳቸው ግን የሚያከብሩት በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር የመጀመሪያው ሰኞ ነው! ባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ውስጥ በፈረቃ የሠራ ሰው ያቺ 8 ሰዓት ምን ማለት እንደሆነች ማንም አይነግረውም።

— ጋሼ፣ ጥያቄዬን ስለመለሱልኝ እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ልጨምር። ሜይ 1 በየዓመቱ ሚያዝያ 23 ላይ ነው የሚውለው፣ ሚያዝያ 23 ደግሞ ዓመታዊው ጊዮርጊስ ነው። እኛ ቀዬ አርሶ አደሩ በሬ አይጠምድም፣ ታቦት ሊያነግሥ ይሄዳል። ከተማ ያለው ወንድሜም ያን ቀን ሥራ የለውምና ጠዋት አውቶቡስ ይዞ ይመጣል፣ ከአባቴ ጋር አንድ ጠላ ቤት ይቀመጣሉ።